የማይቀንሰው ኪሎ

ሰኞ፣ ኅዳር 1

ዘጠና ስድስት ኪሎ ከአራት መቶ ግራም። ባለፈው ሰኞ ዘጠና ስድስት ከሦስት መቶ። ከዚያ በፊት በነበረው ሰኞም ዘጠና ስድስት ከአራት መቶ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እየተለካለት የበላ ሰው ካልቀነሰ ወይ ስሌቱ ተሳስቷል፣ ወይ ሚዛኑ ተሳስቷል፣ ወይ ሰውየው ይዋሻል። አራተኛ የለም።

ስሌቱን እንደገና ሠራሁት። በእርሳስ፣ በአዲስ ገጽ።

ልጄ ፍስሐ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው። የመስኖ ፓምፕ ይጠግናል። ቀኑን ሙሉ ከሮቢት እስከ ዋጃ በሞተር ሳይክል ይዞራል። ጠዋት ጠዋት ጂም ገብቶ ብረት ይገፋል። ክንዱ የእኔን ጭን ያክላል፤ ሆዱ ግን ከእሱ ቀድሞ በር ይገባል። በመስከረም ሐኪሙ የደሙን ውጤት አይቶ "ስኳሩ ድንበሩ ላይ ደርሷል፣ ጉበትህም ላይ ስብ አለ። እስከ ጥር መጨረሻ ካልቀነስክ መድኃኒት እንጀምራለን" አለው። አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ፍስሐ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ብረቱን ልተወው?" አለ። ሐኪሙ "እንዳትተው" ሲለው እፎይ ብሎ ተነሣ። ስኳር የሚለውን ቃል የሰማሁት እኔ ነኝ።

አባቱን በስኳር ነው ያጣነው። መጀመሪያ አውራ ጣቱ ሄደ፣ ከዚያ እግሩ እስከ ጉልበቱ፣ ከዚያ እሱ ራሱ። ቁስሉን ሁለት ዓመት አጥቤያለሁ። ሽታውን ዛሬም አውቀዋለሁ።

ዕቅዱን እንደገና ገለበጥኩት፦

በቀን ከሚያስፈልገው አምስት መቶ ካሎሪ ማጉደል። ከዚያ በላይ አይሆንም፤ ብረት የሚገፋ ሰው በአንዴ ከተራበ ስቡን ትቶ ጡንቻውን ይበላል።
ፕሮቲን መቶ ሃምሳ ግራም። እንቁላል፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ስቡ የወጣለት ቀይ ሥጋ።
ዘይት በማንኪያ ይለካል፣ በዓይን አይፈስም።
ቅቤ የለም።
እንጀራ በምሳ አንድ፣ በራት ግማሽ።
ብረቱ እንዳለ ይቀጥላል። የሚያነሣው ክብደት ከቀነሰ ይነግረኛል።
ስምንት ሰዓት እንቅልፍ።
ሰኞ ጠዋት ሚዛን፤ ወገብ በሜትር።

ከዕቅዱ በፊት ቁርስ ከቤት አይበላም ነበር። "ሻይ ቤት እቀምሳለሁ" ይለኝ ነበር። አሁን ሦስት እንቁላል፣ ግማሽ እንጀራና ቲማቲም ከፊቴ ተቀምጦ ይበላል። የሻይ ቤት ነገር ቀረ። ስለዚህ ሊቀንስ ይገባዋል።

በስሌቱ ላይ ስሕተት አላገኘሁም።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ሚዛኑን ፈተንኩት። ከጂሙ ሃያ ኪሎ የተጻፈበትን ብረት ይዘህ ና ብዬው ነበር፤ በሞተሩ ኋላ አስሮ አመጣው።

"እማ፣ የጠረጠርሽው ሚዛኑን ነው እኔን?"

"በተራ ነው" አልኩት።

ሳቀ። ሳቁ ትንሽ ዘግይቶ የመጣ መሰለኝ።

ብረቱ ሃያ ኪሎ ከመቶ ግራም ሆነ። አንሥቼ እንደገና አስቀመጥኩት፤ ያው ነው። መቶ ግራም ሦስት ሳምንት አትሸፍንም። ሚዛኑ ልክ ነው።

ደሴ በአዳሪ ትምህርት ቤት ሳለሁ የቤት አያያዝ አስተማሪያችን ዱቄት ስትመዝን ትንፋሿን ትይዝ ነበር። አምስት ግራም የተሳሳተች ልጅ እጇን ትዘረጋለች፤ ማስመሪያው በጠርዙ ነበር የሚያርፈው። እኔ ሁለት ጊዜ ተመትቻለሁ። ሁለቱንም አስታውሳለሁ፤ አንዱ በጨው ነው፣ አንዱ በእርሾ። ከዚያ ወዲህ እዚሁ ቆቦ ይህንኑ ትምህርት ሠላሳ አንድ ዓመት አስተማርኩ። ማንንም አልመታሁም። የመዘነችውን ሳይሆን የገመተችውን የጻፈችን ግን አላሳለፍኩም። ከተማው ዛሬም ቲቸር ይለኛል። ከኋላዬ ሌላም ነገር እንደሚለኝ አውቃለሁ።

ዛሬ የበላው፦ ቁርስ እንደ ዕቅዱ። ምሳ ምስር ወጥ፣ አንድ እንጀራ፣ ሰላጣ። አሥር ሰዓት ላይ ሽምብራ ቆሎ፣ አንድ እፍኝ፣ በእኔ እፍኝ። ራት ጎመንና የተጠበሰ ሥጋ፣ መቶ ሃምሳ ግራም፣ ግማሽ እንጀራ።

"ወጥሽ የሆስፒታል ሆነ" አለኝ ሲነሣ። ሳህኑ ግን ንጹሕ ነው።


ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ጾም። የንስሐ አባታችን ሕመሙን ሰምተው ሰዓቱን ፈቅደውለታል፤ የጾም ምግብ ይሁን እንጂ ጠዋት ይብላ ብለዋል። ባቄላ ቀቅዬ በሽንኩርትና በአንድ ማንኪያ ዘይት አቀረብኩለት።

ስለ አንድ ነገር ሳስብ ዋልኩ። አይርበውም።

በሦስተኛው ሳምንት ሰው ይቆጣል። በረደኝ ይላል፣ በር ይወረውራል፣ ድስት ከፍቶ ያያል። ፍስሐ ሞተሩን እያጠበ ያፏጫል። ከጂም ሲመለስ ቁርሱን ቀስ ብሎ፣ ፍሬ በፍሬ፣ እየዋጠ ነው የሚበላው። በክፍል ውስጥ እንዲህ የሚበሉ ልጆች አይቻለሁ፤ የሠሩትን ምግብ ጨርሱ ስላልኳቸው ብቻ የሚጨርሱ።

"ጠገብክ?" አልኩት።

"እማ፣ ርቦኛል ብልሽ ትጨምሪልኛለሽ?"

"አልጨምርም።"

"ታዲያ ምን አስጠየቀሽ?"

ሳህኑን አነሣሁ።


ሐሙስ፣ ኅዳር 4

የጂም ሸሚዙን ሳጥብ በግራ እጅጌው ጫፍ ላይ ነጠብጣብ አገኘሁ። ቀይ፣ መሐሉ ቢጫ። በቀዝቃዛ ውኃ አይለቅም። አሸተትኩት። በርበሬና የተነጠረ ቅቤ።

በዚህ ቤት ሦስት ሳምንት ቅቤ ገብቶ አያውቅም። የነበረኝን ሰው ወስዶ ይጨርሰው ብዬ ለጎረቤት ሰጥቻለሁ።

ምሳ ሊበላ ሲመጣ ሸሚዙን ጠረጴዛው ላይ፣ ከሳህኑ አጠገብ ዘርግቼ ጠበቅሁት።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"ላብ ነው።"

"ላብ ቢጫ ነው? ላብ በርበሬ አለው?"

ሸሚዙን አጥፎ ከአጠገቡ አኖረው።

"ልጅ ሳለህ አልዋሸኸኝም" አልኩት። "በሠላሳ ስድስት ዓመትህ ጀመርክ?"

"አልዋሸሁም" አለኝ። "አልነገርኩሽም እንጂ።"

"ለሐኪሙ ይህን ንገረው። እግርህን ሲቆርጥ አልዋሸሁም በለው።"

ይህን ማለት አልነበረብኝም። እንጀራውን ሳይነካ ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ። ዛሬ ምሳ አልበላም። ዜሮ ብዬ ጻፍኩ።


ዓርብ፣ ኅዳር 5

አልተነጋገርንም። ባቄላውን ከፊቱ አስቀመጥኩ፣ በላ፣ "እግዜር ይስጥልኝ" አለ፣ ሄደ።

ቀኑ ረጅም ነበር። መብራት የለም። ማሽላው በሜዳው ሁሉ ደርቆ ቆሟል፤ ወፍ የሚጠብቁ ሰዎች ድምፅ ከሩቅ ይሰማኛል። በሌላ ዓመት ይህን ድምፅ ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር።

የአባቱ ቁም ሣጥን ውስጥ አንድ እግር ጫማ አለ። ግራው። ቀኙን እንደ እሱ አንድ እግር ለቀረው ሰው ሰጠሁት፤ ግራውን ማን ይወስደዋል? ዛሬ አውጥቼ አቧራውን ጠረግሁና መለስኩት። ለምን እንዳወጣሁት አላውቅም።

አባቱም እንዲህ ነበር። ጠላ አልጠጣሁም ይለኝ ነበር፣ ጺሙ ላይ ጌሾ ይዞ። ያን ጊዜ አልሠለጠንኩበትም፤ አምኜው ነበር። ሰውን ማመን ፍቅር ይመስለኝ ነበር።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ሄጄ አየሁ።

ጂሙ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው የቆርቆሮ ግቢ ነው። ብረቶቹ ግማሾቹ የተገዙ ናቸው፣ ግማሾቹ የከባድ መኪና ጥርስና አክሰል። በሩ ላይ የሚቀመጠው ሰውዬ ተማሪዬ ነበር፤ ተነሥቶ ወንበሩን ሰጠኝ።

"ቲቸር፣ ሊገፉ መጡ?"

"ፍስሐ የት አለ?"

"እሱ እኮ አንድ ሰዓት ላይ ጨርሶ ይወጣል። ሁልጊዜ። ከማንም በፊት ገብቶ ከማንም በፊት ይወጣል።"

ቤት የሚደርሰው ሁለት ሰዓት ላይ ነው። መንገዱ በሞተር አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ሞተሩ አጥሩ ሥር ቆሟል። በእግሩ ነው የሄደው ማለት ነው። ጂሙን ዞሬ በጓሮው በኩል ስወጣ ነጠላ ጫማውን አየሁት። በወይዘሮ ይመኙሻል ደጃፍ ላይ፣ ጎን ለጎን፣ በሥርዓት ተቀምጧል። በእኔ ቤት እንዲህ አስቀምጦ አያውቅም።

ይመኙሻል የሙላት እናት ናት። ሙላትና ፍስሐ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አብረው ነበሩ፤ ብረት መግፋትም የጀመሩት አብረው ነው፣ በሲሚንቶ በሞላ የቀለም ቆርቆሮ። ሙላት በጦርነቱ ዓመት ወጣ። አልተመለሰም። ሞተ የሚል መርዶም አልመጣም። መርዶ ስላልመጣ ለቅሶ የለም፤ ለቅሶ ስለሌለ ይመኙሻል ጥቁር አልለበሰችም፣ ፀጉሯን አልተላጨችም። በመንገድ ሳገኛት "ደህና ነሽ?" እላታለሁ፤ "ደህና፣ እንጠብቃለን" ትለኛለች። ከዚያ በላይ ጠይቄያት አላውቅም።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ፍስሐ ወለሉ ላይ፣ በትንሽ መቀመጫ፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ተቀምጧል። ከፊቱ በገበቴ የማሽላ ገንፎ፤ መሐሉ ተጎድጉዶ ቅቤው ሞልቶበታል። ሁለት ማንኪያ አለ። አንዱን ይዞታል። ሌላው በገበቴው ማዶ፣ ሰው በሌለበት በኩል ተሰክቷል።

"በዚያ በኩል ያለውንም ብላለት" ትለዋለች ይመኙሻል። "ሲበርድ አይወድም።"

ማንኪያውን ወደዚያ ሰደደ።

ሳልገባ ተመለስኩ። እርምጃዬን እየቆጠርኩ ነበር የመጣሁት፤ ስንት እንደሆነ አላስታውስም።

ቤት ሲመጣ ሦስት እንቁላል ጠበስኩለት። በላ። እኔም ሲበላ አየሁት።


እሑድ፣ ኅዳር 7

ከቅዳሴ ስንመለስ ነገርኩት። "ትናንት በይመኙሻል በር ላይ ነበርኩ" አልኩት። ከዚያ እሱ ተናገረ፣ እኔ አዳመጥኩ። ባልተለመደ ሁኔታ።

ድሮ ሁለቱም ከብረቱ ቀጥታ እዚያ እየሄዱ ይበሉ ነበር። ሙላት ከወጣ በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት ፍስሐ ለመጠየቅ ሄደ፤ ገንፎው ተሠርቶ አገኘው፣ በላ። በማግሥቱም ተሠርቶ ነበር። ሻይ ቤት ይለኝ የነበረው ይኼ ነው። በየቀኑ፣ እሑድም።

"አልበላም ማለት አቃተህ?"

"ለማን ነው አልበላም የምለው?" አለኝ። "ለሷ ነው ለሱ?"

ከዚያ ሌላውን ነገረኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ዋጃ ፓምፕ ሊጠግን ሄዶ አንድ ሰው ስሙን ጠየቀው። ሰውየው በጦርነቱ ከሙላት ጋር ነበር። በእጄ አፈር አለበስኩት አለው። የቀበሩበትን ቦታ ነገረው፣ አንድ ትልቅ ግራር አለ አለው፣ የለበሰውን ሹራብ ቀለም ነገረው። ሹራቡ የፍስሐ ነው።

"ለማን ነገርክ?"

"አሁን ላንቺ።"

ሁለት ዓመት። በየጠዋቱ ይህን በልቡ ይዞ ለሞተ ሰው የተሰካውን ማንኪያ አንሥቶ ይበላል። እኔ ደግሞ ዘይት በማንኪያ እለካለሁ።

መርዶ እንዲህ አይቀመጥም፤ ይህን ነገርኩት። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ማለዳ ሰው ሳይወጣ ቤቷ ይገባል። ሮቢት ያለው ወንድሟ መጀመሪያ ይሰማል። ሥርዓት አለው። የምታውቀው አንተ ብቻ ከሆንክ ሥርዓቱን የምታስጀምረው አንተ ነህ አልኩት።

"አውቃለሁ" አለ። "በየቀኑ ነገ እላለሁ። ገበቴውን ታቀርብልኛለች።"


ሰኞ፣ ኅዳር 8

ዘጠና ስድስት ኪሎ ከአምስት መቶ። ወገቡ መቶ ስምንት።

አሁን ስሌቱ ይዘጋል። የሁለት ሰው ገንፎ ነው። ሁለት እፍኝ ዱቄት፣ መቶ ስልሳ ግራም ልበለው። ቅቤ፣ በጾም ቀን ዘይት፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ቢያንስ። ዘጠኝ መቶ ካሎሪ ግድም። አምስት መቶ አጎድላለሁ፣ እሷ ዘጠኝ መቶ ትሞላለች። የእኔ ቁርስ ደግሞ በላዩ ላይ የመጣ ነው። እኔ ነኝ ሁለተኛ ቁርስ የጨመርኩለት። ከመጀመሪያው ምን እንደሚበላ ሳላውቅ በገመትኩት ላይ ዕቅድ ሠራሁ። ተማሪዬ ብትሆን ጥላዋለሁ።

የሚደረገው ግልጽ ነው። ገንፎው ይቀራል።

መርዶው ሌላ ጉዳይ ነው፣ በሥርዓቱ ይሄዳል፣ ጊዜ ይፈልጋል። ስኳር ግን ጊዜ አይሰጥም። ሁለቱን ለየኋቸው። "ከነገ ጀምሮ አትሄድም" አልኩት። "ሥራ በዛብኝ በላት።"

"ምን ብዬ ልንገራት?"

"ምንም አትንገራት። አትሂድ።"

አንገቱን ደፋ። እሺ ማለቱ ነው። የአባቱ ጫማ ያለበትን ቁም ሣጥን አሳየሁት። ልክ አልነበረም፤ ግን ሠራ።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

አልሄደም። ከጂም በቀጥታ አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ ቤት ገባ። እንቁላሉን እንደ ሰው በላው፣ ሳህኑን በእንጀራ ጠረገው። ራበው። በአንድ ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ "ሌላ አለ?" አለኝ።

ደስ አለኝ። እጽፈዋለሁ፤ ደስ አለኝ።


ረቡዕ፣ ኅዳር 10

በአንድ ሰዓት በሩ ተንኳኳ። ፍስሐ ከጂም አልተመለሰም። ይመኙሻል ናት። ገበቴውን በነጠላዋ ጠቅልላ በደረቷ አቅፋዋለች። ነጠላውን ለገበቴው ስላደረገችው ራሷ ላይ ምንም የለም፤ ራሷን ገልጣ መንገድ ስትወጣ አይቻት አላውቅም።

"ቲቸር፣ ፍስሐ ታመመ እንዴ?"

"ግቢ" አልኳት።

"አልገባም። ትናንት አልመጣም። ዛሬ ደግሞ ወደ ጂሙ ሲገባ አየሁት፣ በወዲያ በኩል ዞሮ። እኔን እንዳላየ ሆነ።" ገበቴውን አስተካከለች። "አንድ ነገር ሰምቶ ነው? ዓይኔን ማየት ያቃተው አንድ ነገር ሰምቶ ነው?"

ከንፈሯ ነጭ ሆኖ ነበር። ለመስማት ግን ተዘጋጅታ ነበር። በመንገድ ላይ፣ ብቻዋን፣ ዘመድ ሳይሰበሰብ፣ ገንፎ እንዳቀፈች።

እኔ ገንፎ ነው የሰረዝኩት። ያንን መስመር መሰረዝ መርዶ ማርዳት መሆኑን አላሰብኩም። ሁለቱን ለየኋቸው ብዬ ሰኞ ዕለት ጽፌያለሁ። አይለያዩም።

ዋሸሁ። "ኧረ ምንም አልሰማም" አልኳት። "እኔ ነኝ የከለከልኩት። ስኳር ሊይዘው ነው፤ ሐኪም ቀንስ ብሎታል፣ ቅቤ ከልክዬዋለሁ። እሱ አንቺን አፍሮ ነው።" የኋለኛው ሁሉ እውነት ነው። የፊተኛው አይደለም። በዚህ ማስታወሻ ላይ ውሸቴን ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ደጃፌ ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሳቀች፣ እንባዋ እየወረደ።

"ስኳር!" አለች። "ስኳር ነው? እግዜር ይይልዎት፣ ቲቸር። እኔ ሌላ ነገር አስቤ በመንገድ ላይ ሞቼ ነበር እኮ። ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ? እኔ ልጁን በቅቤ ልገድለው?"

"አላወቅሁም ነበር።"

"እርስዎ? እርስዎ የማያውቁት ነገር አለ?" ገበቴውን ተመለከተች። "ሲበላ ሳየው የኔም ልጅ ካለበት ይጠግባል እላለሁ። ሞኝነት ነው። ግን እሱ መምጣት ያቆመ ዕለት ማንም ሳይነግረኝ ይገባኛል፤ ይህን ለራሴ ነግሬዋለሁ።"

ከዚያ ገበቴውን ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው።

"ስንት ይብቃው? ለክተው ይስጡኝ። ማንኪያ በማንኪያ። አልሳሳትም።"

የወጥ ቤቱን ትንሽ ሚዛን አወጣሁ። ሰማንያ ግራም ዱቄት። ቅቤ የለም። ሰኞ ነቢያት ይገባል፣ ስለዚህ አንድ ማንኪያ ተልባ። ከጎኑ የተቀቀለ ሽምብራ፣ አንድ ስኒ። በወረቀት ጻፍኩላት፤ ማንበብ አትችልም፣ ግን ወረቀቱን ደረቷ ላይ ሸጎጠችው።

ፍስሐ ሲመጣ "ከዓርብ ጀምሮ ሂድ" አልኩት። ለምን እንደሆነ ነገርኩት። ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቆሞ ቀረ።


ዓርብ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል። ጠዋት ከእሱ ጋር እሷ ዘንድ ሄድኩ፤ የመጀመሪያው የተለካ ቀን ስለሆነ ማየት ነበረብኝ።

ረቡዕ የሰጠኋትን ትንሽ ሚዛን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ትጠብቀኝ ነበር። ቁጥር ታውቃለች። ዱቄቱን እንደ ልማዷ ሁለት እፍኝ ዘገነችና ሚዛኑ ላይ አፈሰሰች። መቶ ስልሳ ሁለት። ግምቴ በሁለት ግራም ስቷል። ከዚያ በማንኪያ እየቀነሰች ሰማንያ ላይ አደረሰችው፤ ትንፋሿን ይዛ። አስተማሪዬን አስታወሰችኝ።

የቀነሰችውን ወደ ዱቄት ማስቀመጫው አልመለሰችም። ከግድግዳው ላይ አንድ አነስተኛ የጨርቅ ከረጢት አወረደች፣ ከፈተች፣ በጥንቃቄ ገለበጠችበት።

"ይኼ የማን ነው?" አልኩ።

"የሙላት ድርሻ ነዋ" አለችኝ፣ እንደዚህ ያለ ጥያቄ ይጠየቃል ወይ በሚል ዓይን። "እሱ ስኳር የለበትም። ሲመጣ በአንዴ እሠራለታለሁ።"

ፍስሐ ማንኪያውን ያዘ። ዛሬ አንድ ማንኪያ ብቻ ነበር። ቀና ብሎ አላየኝም።


ሰኞ፣ ኅዳር 15

የነቢያት ጾም ገባ።

ዘጠና አምስት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ። ወገብ መቶ ሰባት። ሁለት ጊዜ መዘንኩት። ቀንሷል። ብረቱም እንዳልቀነሰ ነገረኝ።

አዲሱ ዕቅድ ንጹሕ ተገልብጧል። አንደኛው መስመር፦ "ቁርስ፣ በይመኙሻል ቤት"። የእኔ ቁርስ ተሰርዟል። ሁለት አይሆንም፤ አንዱ መቅረት ነበረበት፣ የቀረው የእኔ ነው። ጠዋት በሁለት ሰዓት ጠረጴዛው ባዶ ነው። ዛሬ በልማዴ ሳህን አወጣሁና መለስኩት። አሁን ለእኔ አንድ ሳህን ብቻ በቂ ነው፣ በጾም ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እሱም አያስፈልግም።

ፍስሐን ስለ መርዶው ጠየቅሁት። ማሽላው ይወቃ፣ ወንድሟም ከሮቢት ይምጣ፣ ከሐኪሙ ቀን በኋላ እናድርገው አለኝ። ከጥር በኋላ። "እስከዚያ ትንሽ ጠንክሬ እቆያለሁ" አለ። እኔም እሺ አልኩት። ልክ መሆኑን አላውቅም። በሕይወቴ ልክነቱን ሳላውቅ እሺ ያልኩት ነገር ብዙ አይደለም።

በማስታወሻው መጨረሻ ገጽ ላይ "ጥር መጨረሻ፣ ሐኪም" ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ አንድ መስመር ባዶ ተውኩ።

ከዚያ ሳልፈልግ እጄ ሌላ ስሌት ሠራ። ከሚካኤል ጀምሮ እስከ ጥር ሠላሳ ሰባ ዘጠኝ ቀን ነው። ሰማንያ ግራም በቀን። በከረጢቱ ውስጥ ስድስት ኪሎ ከሦስት መቶ ሃያ ግራም ዱቄት ይኖራል። ያን ጊዜ ሰው ሲሰበሰብ፣ ለለቅሶው የሚሆን ዱቄት ቤቷ ውስጥ፣ ራሷ ለክታ ያኖረችው፣ አለ ማለት ነው።

ስሌቱ ልክ ነው። ደግሜ አየሁት።